የሚኒባሷ ትኩሳት

«ውሃ ሳይጨምር ነድቶ ነው ያቃጠላት» አለ ማንያዘዋል ከኮምፔንሳቶው ግድግዳ ማዶ። «ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከጎንደር ሌላ ሾፌር ይመጣል። ቁልፉን ተቀብዬ ለሱ እሰጣለሁ፤ አለቀ።»

ሾፌሩ እንዳለው አንዱን ካልሲ አጥልቆ ሌላውን በእጁ እንደያዘ አልጋው ጫፍ ላይ ቀረ። ገና አሥራ ሁለት ሰዓት አልሞላም፤ ደባርቅ በጥር ወር በዚህ ሰዓት ሰው ከብርድ ልብሱ አፍንጫውን እንኳ የማያወጣባት ከተማ ናት። የሚናገረው የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው፤ የሚያዳምጡት ደግሞ አማቱ አባባ ገብረ ክርስቶስ። ግድግዳው እንዳለውና ማንጠግቦሽ የተጋቡ ሰሞን አንዱን ሰፊ ክፍል ለሁለት ለመክፈል የተመታ ስስ ጣውላ ነው። ጋዜጣ ተለጥፎ ቀለም ስለተቀባ ግድግዳ መሰለ እንጂ ሳሉንም፣ ሬዲዮውንም፣ የሻይ ማንኪያውንም ድምፅ ሁሉን ያሳልፋል። በስምንት ዓመት ውስጥ ከዚያ ማዶ ብዙ ነገር ሰምቷል፤ እንዲህ ያለ ግን ሰምቶ አያውቅም። ሽማግሌው ምን እንደሚመልሱ ጆሮውን አቅንቶ ጠበቀ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ዝም አሉ። ማንጠግቦሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። መንቃቷን ከትንፋሿ ያውቃል፤ እሷም ማወቁን ታውቃለች። ወንድሟን ብትነቅፍ የአባቷን ቤት መንቀፍ ነው፣ ባሏን ብትነቅፍ የገዛ ትዳሯን፤ ስለዚህ የተኛች መሰለች። እሱም የተኛች ሚስቱን ላለመቀስቀስ እንደሚጠነቀቅ ሰው ኮቴውን አጥፍቶ ወጣ።

ነገሩ የጀመረው በጠብታ ነው። ሚኒባሷ የቤቱ ናት፤ የአባባ ገብረ ክርስቶስ ባሕር ዛፍ ተሽጦ የማንያዘዋል የደሞዝ ቁጠባ ተጨምሮበት ከሁለት ዓመት በፊት የተገዛች፣ ዕድሜዋን ከሊብሬዋ በስተቀር ማንም በድፍረት የማይናገረው አሮጌ መኪና። ከኅዳር ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከሥሯ አንድ ጣሳ ውሃ የተደፋ የሚመስል እርጥብ መሬት ይታይ ነበር። እንዳለው ከሥሯ እየተኛ ቢፈልግ ጠብታው ከየት እንደሚመጣ አላገኘውም። አንድ ቅዳሜ ማታ ሲሰለቸው ከራዲያተሩ ግርጌ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም ጎማ፣ ሾፌሮች ማኒኮቶ የሚሉትን፣ ማሰሪያውን በካቻቪቴ ክንዱ እስኪዝል አጠበቀው። ሰኞ ጠዋት መሬቱ ደረቅ ሆነ። ያን ጊዜ ዝም ቢል ምን ነበረበት? «በእጄ ነው ያቆምኩት» ብሎ ለግቢው ሁሉ አፉን ሞልቶ አወራ፤ ማንያዘዋልም ትከሻውን መታ መታ አድርጎ አመሰገነው። ሳምንት ሳይሞላ የሙቀቱ ቀስት ወደ ቀዩ ይወጣ ጀመር። መጀመሪያ ወቅን ዳገት ላይ ጨሰች፤ ከትናንት ወዲያ ደግሞ ገደብዬ አጠገብ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ በሌላ መኪና ሄደ። ወሬው ከሱ ቀድሞ ደባርቅ ገባ።

መናኸሪያ ውስጥ ሁሉም ሐኪም ሆነ። ቴስታው፣ ማለትም የሞተሩ ራስ፣ በሙቀት ተጣሟል ተባለ፤ ጋስኬቱ ተቃጥሏል ተባለ፤ ሞተሩ አልቆለታል ተባለ። ይህ እውነት ከሆነ ሚኒባሷ የምትሸጠው ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ነው። የእንዳለው ስምም አብሯት ይሄዳል፤ መኪና አድርቆ ያቃጠለ ሾፌር እንኳን ቁልፍ የሚሰጠው ባለቤት የጎማ መፍቻ የሚያውሰው ጓደኛ አያገኝም። በአርባ ሦስት ዓመቱ ሁመራ ወርዶ የቀን ሥራ መጀመር ነው የሚጠብቀው። ማንጠግቦሽ ደግሞ ከአባቷ ግቢ ወጥታ በረሃ እንደማትወርድ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ተነጋግረውበት ባያውቁም ያውቃሉ። ስለዚህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ነበረበት፦ ሞተሩ ሞቷል ወይስ አልሞተም? ይህን በእርግጠኝነት የሚነግረው ሰው ዳባት ነው ያለው፤ ያርጋል የሚባል መካኒክ።

መስታወቱ ላይ የተጋገረውን አመዳይ በካርቶን ፍቆ፣ ራዲያተሩን ሞልቶ፣ ሁለት ቢጫ ጄሪካን ውሃ ከኋላ ጭኖ ሊነሣ ሲል አባባ ገብረ ክርስቶስ ከቤት ወጡ። ጋቢያቸውን ከካፖርታቸው በላይ ደርበዋል፤ ከዘራቸውን ይዘዋል። ዳባት ድረስ አብሬህ ልሂድ አሉት፤ የዘር ገብስ ዋጋ ስንት እንደሆነ እጠይቃለሁ አሉ። እንዳለው ግራ ገባው። የሽማግሌውን መሬት እኩል አራሹ ነው የሚያርሰው፤ ዘሩንም የሚያቀርበው እሱ ነው፤ ደግሞም ገብስ ለመጠየቅ ከደባርቅ ገበያ የሚበልጥ የለም። ልጁ ሰላይ አድርጎ ልኳቸው ይሆን ብሎ ጠረጠረ። አማትን አይሆንም አይባልም፤ በሩን ከፈተላቸውና ክንዳቸውን ደግፎ የፊቱ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው።

አስፋልቱ ያኔ ገና ጎንደር አካባቢ ነበር፤ ደባርቅን ከዳባት የሚያገናኘው መንገድ ኮረትና አቧራ ነው። እንዳለው ቀስቱን እያየ፣ ቁልቁለት ሲያገኝ እግሩን ከነዳጁ እያነሣ፣ እንቁላል እንደጫነ ሰው ነዳ። አባባ ገብረ ክርስቶስ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ይህ የሳቸው ጠባይ አይደለም። በጃንሆይ ጊዜ ትሬንታ ኳትሮ የሚባለውን የጣልያን ከባድ መኪና ይዘው ሊማሊሞን የወረዱና የወጡ ሰው ናቸው፤ መኪና ውስጥ ከገቡ የየጠመዝማዛውን ስም፣ ማን የት እንደተገለበጠ፣ የት ቦታ ጅብ መንገድ እንደዘጋባቸው ሳይናገሩ አያልፉም። እንዳለው ወሬዎቹን በቃሉ ያውቃቸዋል፤ ሲሰለቹትም ኖረዋል። ዛሬ ግን ናፈቁት። ዝምታቸውን እንደ ፍርድ ቆጠረው።

ወቅን ሳይደርሱ ቀስቱ ቀዩን ነካ፤ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ። ጥግ ይዞ አቆመ። ትኩስ ራዲያተር አይከፈትም፤ መጠበቅ ነው። አርባ ደቂቃ ያህል ሁለቱም ወንበራቸው ላይ መንገዱን እያዩ ተቀመጡ። አንድ የሚያውቀው ሾፌር በአጠገባቸው ሲያልፍ ክላክስ ነፍቶ በእጁ የመቃብር መቆፈሪያ ምልክት አሳየው። እንዳለው ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም። በመንገዱ ዳር ገብስ ተሸክመው የሚሄዱ አንዲት ሴት ሽማግሌውን ሲያዩ ቆሙ፤ የጤናው፣ የከብቱ፣ የዝናቡ፣ የልጅ ልጁ ሁሉ ጥያቄ በየተራው ተጠየቀ፣ በየተራውም እግዚአብሔር ይመስገን ተባለ። ሴትየዋ ጭሱን አይተው መኪናዋን ምን አገኛት ሲሉ አባባ ገብረ ክርስቶስ «ትኩሳት ነው እኅቴ» ብለው መለሱ። በመንገዱ ሁሉ ከአፋቸው የወጣው ይኸው ነበር።

ያርጋል በደርግ ጊዜ የጦር ሠራዊት መኪና ሲጠግን የኖረ፣ ወሬ የማይወድ፣ ጥያቄ ደግሞ ጭራሽ የሚጠላ ሰው ነው። ከዳባት ዋና መንገድ ጀርባ በቆርቆሮ የተከለለ ቦታ አለው፤ መሬቱ በዘይት ብዛት ጠቁሮ እንደ ሊሾ ያበራል። ለማየት ብቻ ሃምሳ ብር ይቀበላል፤ ካየ በኋላ ግን አይሳሳትም ይባላል። እንዳለው ከጠብታው ጀምሮ ሊተርክለት ሲል በእጁ ዝም አሰኘው። ሞተሩ እስኪበርድ ሻዩን ጨረሰ። ከዚያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ በጣቶቹ መካከል አሸት አሸት አደረገው፤ በፀሐይ አየው። ውሃ ወደ ዘይቱ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ወተት የገባበት ሻይ ይመስል ነበር። ጥቁር ነው፤ ደህና ጥቁር። የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ እስከ አፉ ውሃ ሞላና እንዳለውን አስነሣ አለው።

እንዳለው ቁልፉን አዙሮ ሮጦ ወረደ። ሦስት ራሶች ራዲያተሩ አፍ ላይ ተደፉ። ሁለቱም ሾፌሮች፣ የዛሬውም የድሮውም፣ የሚፈለገው ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ቴስታው ተጣሞ ከሆነ የሞተሩ ጋዝ ወደ ውሃው ሾልኮ ይገባል፤ ውሃው እንደተጣደ ድስት አረፋ ይደፍቃል። አንድ ደቂቃ አለፈ። እንዳለው በልቡ የሚማጸነው የትኛውን ታቦት እንደሆነ እንኳ አላወቀውም፣ ያገኘውን ሁሉ ነበር የሚጠራው። ያርጋል ወደ ነዳጁ ሽቦ እጁን ሰዶ ሞተሩን አስጮኸው። ውሃው ተንቀጠቀጠ፤ አረፋ ግን የለም። ከጭስ ማውጫው ጀርባ ሄዶ አየ፤ ነጭ ጭስም የለም።

«ቴስታው ደህና ነው» አለ ያርጋል። «ማን ነው ሞታለች ያላችሁ?»

እንዳለው እዚያው የነበረ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ያርጋል እንዳያየው የጫማውን ማሰሪያ የሚያስተካክል መሰለ። አባባ ገብረ ክርስቶስ ግን ከቅድሙ ይልቅ የከፋቸው መሰሉ። ያርጋል ሞተሩ ሲሞቅ በሁለት እጁ የራዲያተሩን ሁለት የውሃ ጎማዎች ያዘ። የላይኛው ይፋጃል፤ የታችኛው እንደ ምንጭ ውሃ ቀዝቃዛ ነው። ከላይ የገባው በታች አይወጣም ማለት ነው አለ፤ ራዲያተሩ ጉሮሮው ታንቋል። ከታች ያለችውን የውሃ መልቀቂያ ፈታት፤ አንድ ጠብታ አልወረደም። ሽቦ አስገብቶ ቢቆሰቁስ መጀመሪያ ቡፍ አለ፣ ከዚያ ወፍራም ቡናማ ነገር እየተጎተተ መውጣት ጀመረ። ያርጋል በጣቱ ነክቶ አሸተተ። እንደገና አሸተተ። በዕድሜው ስንት ሞተር ፈትቶ እንዲህ ያለ ሽታ አጋጥሞት እንደማያውቅ ከፊቱ ያስታውቃል። ቢሆንም ሽታው እንግዳ አልነበረም፤ እዚያ አገር ያደገ ሰው ሁሉ ከልጅነቱ የሚያውቀው፣ አሁን ግን የከረመና ያረረ አጥሚት የሆነ።

«በሶ ነው እኮ» አለ። «ማን ነው መኪና ቁርስ ያበላው?»

እንዳለው እኔ እንጃ ሊል አፉን ከፈተና ሳያስበው ወደ አማቱ ዞረ። ሽማግሌው የከዘራቸውን ጫፍ እያዩ ነበር፤ ጆሯቸው ቀልቷል። ሁሉ ነገር በአንድ ጊዜ ገባው። የዘር ገብሱ፣ ዝምታው፣ ጠዋት ከግድግዳው ማዶ ያልተመለሰው መልስ። መጀመሪያ ንዴቱ ጭንቅላቱ ላይ ወጣ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በመናኸሪያው መሳቂያ ሆኖ፣ ቁርሱንም እንቅልፉንም አጥቶ፣ እኚህ ሰው እያወቁ ነበር ዝም ያሉት! ስሙን የሚያጥብለት ቃል አሁን በእጁ ነው፤ ደባርቅ ገብቶ በግቢው መካከል ማን እንዳደረገው መናገር ብቻ ነው። ያን ሲያስብ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ደግሞ ሽማግሌውን አየ። በሰባ አምስት ዓመት ዕድሜያቸው ከቀራቸው ነገር ሁሉ የሚኮሩበት ሾፌርነታቸው ነው። ይህን ከተነጠቁ ምን ይቀራቸዋል? ሌላም ነገር ነበር፣ ማሰብ የማይወደው። እሱ «በእጄ ነው ያቆምኩት» ባይል ኖሮ ጠብታው በምን እንደቆመ አንድ ሰው ይጠይቅ ነበር።

«ከድሮው ባለቤት የቆየ ይሆናል» አለ።

ያርጋል ሁለቱን በየተራ አያቸውና ይሆናል ብሎ ራዲያተሩን መፍታት ጀመረ። ክዳኑን አንሥቶ፣ ቀጫጭኖቹን የውሃ መተላለፊያዎች አንድ በአንድ በሽቦ ጠርጎ፣ በፈላ ውሃ ደጋግሞ እስኪያጥባቸው ሰባት ሰዓት አለፈ። ሲገጣጠም፣ ሲሞላና ሞተሩ ሲነሣ የታችኛውም ጎማ ሞቀ። አሥር ደቂቃ እንደቆየ ግን ከማኒኮቶው ማሰሪያ ሥር አንዲት ጠብታ ብቅ አለች፤ ተንጠለጠለች፣ ወደቀች። ቀጥላ ሌላ። ያርጋል የጠፋ በግ እንዳገኘ ሰው ደስ አለው። ማሰሪያውን ፈትቶ አሳያቸው፦ ጎማው ማፍሰስ የጀመረው በትንሽ ስንጥቅ ነበር፤ አንድ ጉልበተኛ ሰው ማሰሪያውን ከልኩ በላይ አጥብቆ ሥጋው ድረስ ቆርጦታል። በሶው ስንጥቁን ደፍኖ ጠብታውን አቁሞ ነበር፤ አብሮ ግን ራዲያተሩንም ደፈነው። ያ ጉልበተኛ ማን እንደሆነ አልጠየቀም። እንዳለውም አልነገረውም፤ ጆሮው መቅላቱን ግን ራሱ ተሰማው። ያርጋል ከግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት አንዱን ደህና ማኒኮቶ አውርዶ ገጠመለትና ልኩን ብቻ አጠበቀው።

የመልሱ መንገድ ዳገት ነው። እንዳለው ቀስቱን ከመንገዱ ይበልጥ እያየ ነዳ። ቀስቱ ግማሽ ላይ ደረሰ፤ እዚያው ቆመ። ወቅን ዳገት መጣ፤ ማርሹን ቀንሶ ገባበት። ሞተሩ ጮኸ፣ አቧራው ተነሣ፤ ቀስቱ ግን ከግማሽ ንቅንቅ አላለም። ሳያውቀው መዝፈን ጀምሮ ነበር። ዳገቱ አናት ላይ ሲወጡ አባባ ገብረ ክርስቶስ አቁም አሉ። ወረዱ። መኪናዋን ዞር ብለው ኮፈኑ ላይ እጃቸውን አሳረፉ፤ ልጅ ግንባር ላይ እንደሚያሳርፉት።

«በሶው የኔ ነው» አሉ። «ሊማሊሞ ላይ ራዲያተር ሲያፈስብን እፍኝ በሶ ነበር የምንጨምርለት። የዚያ ዘመን ራዲያተር ቧንቧው ጣት ያስገባል፤ ይደፍናል፣ ያደርሰናል። ያን እሑድ እናንተ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ ለዚችም ሁለት እፍኝ ሰጠኋት። መጀመሪያ ሲቆምላት በሆዴ ኮራሁ። መሞቅ ስትጀምር ግን ጠረጠርኩ፤ ማታ ማታ ልናገር እልና አፌ እምቢ ይለኛል። ዛሬ ጠዋት ልጄ አንተን ሲከስህ እንኳ ሰምቼ ዝም አልኩ፣ እንዳለው።»

እንዳለው ወርዶ አጠገባቸው ቆመ። ቅድም የያዘው ንዴት የት እንደገባ አላወቀም።

«እኔም አጥብቄ አቆምኩት ብዬ በከንቱ ፎከርኩ አባባ። ማኒኮቶውን የቆረጥኩት ራሴ ነኝ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እንዳለው መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሎት ደነገጠ። እየሳቁ ነው። እንግዲያ ሁለታችንም ሐኪም ነና አሉት፤ እሱም ሳቀ፤ እዚያ ነፋስ በሚገርፈው ዳገት ላይ አማትና አማች በስምንት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። መኪናዋ ውስጥ ሲመለሱ እንዳለው ለማንያዘዋል ምንም እንደማይናገር፣ ማኒኮቶ ነበር ብሎ እንደሚያልፈው ነገራቸው። አባባ ገብረ ክርስቶስ ጥቂት ከሄዱ በኋላ ከዘራቸውን ወደ መስኮቱ ቀሥረው፣ እዚህች ጋ በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት አንድ ጨው የጫነ መኪና ተገልብጦ ብለው ጀመሩ።

ግቢው ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ማንያዘዋል ከጎንደር ከመጣው ሾፌር ጋር በሩ ላይ ቆሟል። ሾፌሩ ይግዛው የሚባል ረጅም ጨዋ ሰው ነው፤ ቦርሳውን መሬት አላስቀመጠም፤ የሰው እንጀራ ለመውሰድ እንደመጣ የገባው ይመስላል። ማንጠግቦሽ ከደጃፏ ላይ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ታያለች። እንዳለው ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደና ቴስታዋ ደህና ነው፣ ማኒኮቶ ነበር፣ ተቀይሯል አለ።

«ማኒኮቶ እያፈሰ ውሃዋ እስኪያልቅ ነድተሃታል ማለት ነው እንጂ» አለ ማንያዘዋል። «ይኸው ራስህ መሰከርክ። ቁልፉን አምጣ።»

እንዳለው ሚስቱን አላያትም። ሞተሩን ሊያጠፋ፣ ቁልፉን ሊነቅል ወደ በሩ ዞረ። በዚያኛው ወገን አባባ ገብረ ክርስቶስ ማንም ሳይደግፋቸው ወርደው፣ መኪናዋን በፊት ለፊት ዞረው በልጃቸውና በአማቻቸው መካከል ቆሙ።

«ማንያዘዋል፣ ውሃዋ አላለቀም። በሶ ጨምሬ የደፈንኳት እኔ ነኝ። አንተ ጠዋት ስትናገር አፍሬ ነው ዝም ያልኩ። እሱ ግን ዳባት ላይ አውቆብኝ ከሰው ሸሸገልኝ።»

ማንያዘዋል አባቱን መገሠጽ አይችልም፤ በእንግዳ ፊት የተናገረውንም መዋጥ አይችልም። ጭንቁን የገላገለው ይግዛው ነው፤ እኛ ጎንደር እንቁላል ነው የምንጨምርበት አባቴ፣ እሱም ያው ነው ሲል ማንጠግቦሽ ከደጃፏ ሳቋን ለቀቀችው። ከጠዋት ጀምሮ ትንፋሿን አምቃ የዋለች ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እስክታነባ ሳቀች፤ ሳቋ ሽማግሌውን ያዘ፣ ከዚያ ይግዛውን። ማንያዘዋል አልሳቀም፤ ግን እንግዳውን ቤት ግባ፣ ምሳ ብላ፣ በከንቱ አደከምንህ አለው። ይግዛው ቦርሳውን ያን ጊዜ መሬት አስቀመጠ።

ይግዛው በልቶ፣ ተመርቆ ከተሸኘ በኋላ እንዳለው ቧንቧው አጠገብ የእጁን ዘይት በኦሞ ሲያጥብ ማንያዘዋል መጥቶ አጠገቡ ቆመ። እጆቹን ኪሱ ከቷል። ዳመናውን አየ፤ ብርዱ ዘንድሮ ባሰ አለ፤ እንዳለው አዎ ባሰ አለ። ያርጋል ስንት ተቀበለህ አለ፤ ነገረው፤ ደህና ነው አለ። ማንያዘዋል ሁለት ርምጃ ከሄደ በኋላ ቆመ፤ ፊቱን ግን አላዞረም።

«ነገ ስብሰባ ጎንደር አለብኝ። በሌላ መኪና ልሄድ ተመዝግቤ ነበር።» እጁን ከኪሱ አወጣ። «ልሰርዘው። አንተ ጋ ቦታ ትይዝልኛለህ?»

እንዳለው ኦሞው በእጁ ላይ እንዳለ ቀና ብሎ ጀርባውን አየው።

«እይዝልሃለሁ» አለው። «አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የምንወጣው። ካልነቃህ በግድግዳው አንኳኳለሁ።»